አስቸኳይ! ኤንቪዲኤ አማርኛ አላነብም አለኝ፣ ሥልጠናው ነገ ጠዋት ነው

የሳቢያን ልጅ (ማታ 2:40)
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ነኝ። ነገ ጠዋት 2:30 ላይ 18 መምህራን ይመጣሉ። ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች ኮምፒውተር እንዲያስተምሩ ነው የምናሠለጥናቸው። ስድስቱ ራሳቸው ዓይነ ስውር ናቸው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ የሚያነበውን ስክሪን ሪደር፣ ኤንቪዲኤን፣ 8 ላፕቶፕ ላይ ጭኛለሁ። እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ ያነበንበዋል። የአማርኛውን ማንዋል ስከፍትለት ግን ያብዳል። አንዴ «ኤች ሴሚኮለን» ይላል፣ አንዴ ዝም። ድምፁን ወደ አማርኛ ቀይሬዋለሁ፣ ያው ነው። ፕሮግራሙ ተበላሽቷል መሰለኝ። ሌላ የሚሠራ ስክሪን ሪደር ያላችሁ በአላህ ላኩልኝ። አጥፍቼ አስነስቼዋለሁ፣ እሱን እንዳትሉኝ።

ባጃጅ ታርጋ የለሽ (2:43)
አጥፍተህ አስነሳው።

ለገሀር ሰፈር (2:47)
ወንድሜ ኤንቪዲኤን ተወውና ጃውስ የሚባለውን ስክሪን ሪደር ጫን። ዋናው እሱ ነው። ነጻ ነገር ሁሌም እንዲህ ነው።

ነጭ ዘንግ (2:52)
ለገሀር፣ አቦ ተው እንጂ! ጃውስ ፈቃድ ካልተገዛለት 40 ደቂቃ ያወራና ዝም ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩን እንደገና ካላስነሳህ አይናገርም። ሥልጠናው መሀል ላይ 8ቱም ባንዴ ጭጭ ሲሉ ይታይህ። ደግሞ ነጻ ስለሆነ አትናቀው። ማይክል ከረን የሚባል ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ነው እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው። እኔ ይቺን ራሷን የምጽፈው በእሱ ነው።
ጠያቂው፣ ማንዋሉ በምን ፎንት ነው የተጻፈው?

የሳቢያን ልጅ (2:55)
ወንድምህ ሳልሆን እህትህ ነኝ። ፎንት ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ያለ አማርኛ ነው እኮ።

መብት ይከበር (2:58)
በመጀመሪያ ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 4 ከአካል ጉዳተኞች ጋር የሚሠሩ ባለሙያዎች እንዲሠለጥኑ መንግሥታትን ያስገድዳል። ሁለተኛ፣ የድጋፍ ቴክኖሎጂ ሲባል ሁሉም ሰው ኮምፒውተር ላይ ይቸከላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የቅድሚያ ዝርዝር 50 ዓይነት ነገር አለው። ዊልቼር፣ ክራንች፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ ዘንግ፣ መነጽር ሳይቀር። ሥልጠናችሁ እነዚህን ያካትታል ወይ? ሦስተኛ...

ባጃጅ ታርጋ የለሽ (3:01)
ሦስተኛውን ነገ ማታ ንገረን። ልጅቷ ሰዓት እየሄደባት ነው።

አምስት በር (3:04)
ከሐረር ነኝ፣ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አለኝ። እህቴ፣ ነጭ ዘንግ የጠየቀሽን በደንብ ስሚው። ኤንቪዲኤ ምንም አልሆነም። ችግሩ ያለው ፋይልሽ ላይ ነው። ማንዋሉ በድሮ ግዕዝ-1 ወይም በሌላ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ የድሮ ፎንት የተተየበ ነው የሚሆነው። በነዚያ ፎንቶች ለዓይንሽ «ሀ» መስሎ የሚታየው፣ ከሥሩ ሲገለጥ የእንግሊዝኛ ፊደል ወይም ምልክት ነው። ፎንቱ አማርኛ ልብስ አልብሶት ነው። ስክሪን ሪደር ደግሞ ልብሱን አያይም፣ ከሥር ያለውን ነው የሚያነበው። አንድ መስመር ኮፒ አርጊና ኖትፓድ ላይ ለጥፊው። አማርኛ ሆኖ ከቀረ ተሳስቻለሁ።

የሳቢያን ልጅ (3:09)
ወይኔ ጉዴ! ለጠፍኩት። «የሥልጠና ማንዋል» የሚለው ርእስ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ነጥብና ቅንፍ ሆኖ ቁጭ አለ። ይሄ ነገር ሁለት ዓመት ሲሠለጠንበት የኖረ ማንዋል ነው! እስከ ዛሬ ማንም ዓይነ ስውር አላነበበውም ማለት ነው?

ነጭ ዘንግ (3:11)
አነበቡላቸው ይሆናላ። እንደተለመደው።

ለገሀር ሰፈር (3:12)
ጃውስ ግን ያነበው ነበር።

ነጭ ዘንግ (3:13)
ጃውስም «ኤች ሴሚኮለን» ነው የሚልህ። ያው ፋይል ነው።

የሳቢያን ልጅ (3:15)
14 ገጽ ነው። ምን ላርግ? ፎንቱን ወደ ናያላ ብቀይረውስ?

አምስት በር (3:19)
ብትቀይሪው ያው የኖትፓዱ ዝባዝንኬ ነው የሚወጣልሽ። ሁለት መንገድ አለሽ። አንዱ ጽሑፉን በዩኒኮድ፣ ማለት ከሥሩም እውነተኛ የአማርኛ ፊደል በሆነው አጻጻፍ፣ ከዜሮ መተየብ። ሌላው፣ እኔ ደንበኛ ሲያጣድፈኝ የማደርገው፣ ገጾቹን አትሚና አንድ በአንድ በብርሃን ፎቶ አንሺ። ፎቶዎቹን ጉግል ድራይቭ ላይ ጫኚና በጉግል ዶክስ ክፈቻቸው። አማርኛውን ከፎቶው ለቅሞ በዩኒኮድ ያወጣልሻል። ፒዲኤፍ አድርገሽ እንዳትጭኚው፤ ከሥር ያለውን እንግሊዝኛ ሊያመጣብሽ ይችላል። ግድ ፎቶ ይሁን። «ጸ» እና «ጾ»ን ያምታታል፣ ሠንጠረዥ ያፈርሳል። ስለዚህ አንብቢው።

ከዚራ ጥላ (3:24)
ያልሆኑልሽን ገጾች ፎቶውን እዚህ ላኪ። እኔ ሦስት ገጽ እተይባለሁ። በርጫ ላይ ነን፣ ምርቃናው ሳይወርድ ቶሎ በይ። አራት ሰዎች አለን፣ አንዱ ፈጣን ነው።

ባጃጅ ታርጋ የለሽ (3:25)
የምርቃና ትየባ! ነገ መምህራኑ ማንዋሉ ውስጥ የዓለም ሰላም ዕቅድ ያገኛሉ ኪኪኪ።

ነጭ ዘንግ (3:33)
እሱ እየተሠራ እኔ ስለ ነገው ልንገርሽ፤ እንዲህ ያለ ሥልጠና ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ።
ማውሱን በሙሉ ሰብስቢና ካርቶን ውስጥ ክተቺ። አሠልጣኝ «እዚህ ጋ ክሊክ አርጉ» ሲል እኛ እዚህ ጋ የት እንደሆነ አናውቅም። የቁልፉን ስም ጥሪ። ለሚያዩት መምህራን ስክሪን ከርተን የሚለውን አብሪባቸው። ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ ድምፁ ይቀጥላል። መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ዝም ብለው ያዳምጣሉ።
ላፕቶፖቹ የኢንሰርት ቁልፋቸው የማይመች ከሆነ፣ ኤንቪዲኤ ሲከፈት ካፕስ ሎክን የኤንቪዲኤ ቁልፍ (ትእዛዝ ስንሰጠው ከሌላ ቁልፍ ጋር የምንጫነው) አድርግ የሚል ሳጥን አለ፣ እሱን ምረጪ። ድምፁን ለማስተካከል የኤንቪዲኤን ቁልፍ ከኮንትሮልና ከቪ ጋር። ኢስፒክ (ከኤንቪዲኤ ጋር የሚመጣው ድምፅ) ውስጥ ያለው አማርኛ ሮቦት ነው የሚመስለው፣ ለመጀመሪያ ቀን ፍጥነቱን ቀንሺው።
ደግሞ ኢርፎን! 8 ላፕቶፕ ባንድ አዳራሽ ባንዴ ሲያወራ አሸዋ ገበያ ነው የሚሆነው። ግን ባንድ ጆሮ ብቻ ያርጉ፣ በሌላው አንቺን ይስሙሽ።

የሳቢያን ልጅ (3:50)
ኢርፎን አላሰብኩበትም። ነገ በጠዋት ታይዋን ገበያ ገብቼ እገዛለሁ። አምስት በር፣ ፎቶው ሠራልኝ! «ኤንቪዲኤ ምንድን ነው» የሚለውን ገጽ እያነበበልኝ ነው። እያለቀስኩ ነው በአላህ። 9 ገጽ ወጥቷል። ሠንጠረዥ ያለባቸውን 5ቱን ለከዚራ ልኬአለሁ። ሌላ ጥያቄ፦ ሁለት መምህራን የራሳቸውን ላፕቶፕ ይዘን እንመጣለን ብለዋል፣ አዳራሹ ኢንተርኔት የለውም።

አምስት በር (3:54)
ኤንቪዲኤ ሜኑ፣ ቱልስ፣ ከዚያ ፖርተብል ኮፒ የሚለውን። ፍላሽ ላይ ያስቀምጥልሻል። ሳይጫን ከፍላሹ ይነሣል።

መብት ይከበር (4:02)
ሦስተኛው ነጥቤ ይኸው ነበር፤ የሥልጠና ሰነድ ራሱ ተደራሽ መሆን አለበት።

ባጃጅ ታርጋ የለሽ (4:03)
አሁን ገና አንድ ነገር ተናገርክ።

የሳቢያን ልጅ (4:20)
መብራት ሄደ። ላፕቶፑ 31 ፐርሰንት ነው ያለው። ከዚራ የት ደረሳችሁ?

ከዚራ ጥላ (4:41)
አራቱ አልቋል፣ ልከናል። አምስተኛው ሠንጠረዥ አፈር አስበላን። እየመጣ ነው።

ነጭ ዘንግ (በማግስቱ፣ ቀን 8:15)
የሳቢያን ልጅ፣ እንዴት ሆነ? ማንዋሉን አነበቡት?

ለገሀር ሰፈር (10:30)
ጃውስ ቢሆን ኖሮ እስካሁን መልስ ነበራት።

ጨው በረንዳ (ከሦስት ቀን በኋላ)
ሰላም፣ እኔም ጋ ኤንቪዲኤ አማርኛ አላነብም ብሎኛል። አጥፍቼ አስነስቼዋለሁ።

አምስት በር (ከሦስት ቀን በኋላ)
ኖትፓድ ላይ ለጥፈው።