ሰንዳፋ መንገድ ላይ የቆመች ካርማን ጊያ ስንት ታወጣለች?

የለገጣፎዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ከዴንቨር ተጠቃለን ከገባን ወዲህ ኑሯችን ለገጣፎ ነው። ባለቤቴ የድሮ መኪና ሲያይ ልቡ ይቀልጣል። አሁን ደግሞ ሰንዳፋ መንገድ ላይ አንድ ግቢ ውስጥ የቆመች ቀይ ካርማን ጊያ፣ ያቺን የቮልስዋገን ባለሁለት በር የድሮ ስፖርት መኪና፣ አግኝቷል። ደላላው «የ58 ሞዴል ናት፣ በዓለም ላይ የቀሩት ጥቂት ናቸው፣ አሜሪካ ብትሄድ ቤት ትገዛለች» ይለዋል። ሰሞኑን ቀለም ተቀብታ ታብረቀርቃለች። ሞተሯም ይነሳል። የጠሩት ዋጋ ግን ያስደነግጣል። የምታውቁ ካላችሁ ምን ምን እንይ? ዋጋዋስ በምን ይለካል?

ከአያት፦
እህቴ፣ ይቅርባችሁ። በዚያ ገንዘብ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝታችሁ ልጆች ታመላልሱበታላችሁ። የቆመ መኪና ኪስ ያራቁታል።

አሮጌ ቮልስ (ቡራዩ)፦
ልጆች ለማመላለስ ከሆነማ የአያቱ ወንድማችን እውነቱን ነው። እሷ የጠየቀችው ግን ሌላ ነው።

እህቴ፣ «ሰሞኑን ተቀብታለች» ያልሽው ለኔ ጥሩ ዜና አይደለም። ቀለሟ የደበዘዘ፣ እዚህም እዚያም ዝገት የታየባት ብትሆን ዋጋዋን ለመገመት ይቀለን ነበር። የካርማን ጊያ ዋጋ ያለው ላሜራዋ ላይ ነው። ሞተሯ የተራ ቮልስ ሞተር ነው፤ ሶማሌ ተራ ብትሄጂ ዕቃው አይጠፋም፣ የሚፈታው መካኒክም ሞልቷል። አካሏ ግን የራሷ ብቻ ነው።

ቮልስ ቢጋጭ ፓራፋንጎውን በቡሎን ፈትተሽ ሌላ ታስሪለታለሽ። ካርማን ጊያ እንደዚያ አይደለችም። ጀርመን ኦስናብሩክ ካርማን ፋብሪካ ሲሠሯት የፊቱን አፍንጫና ፓራፋንጎውን አንድ ላይ በይደው፣ መጋጠሚያውን በእጅ ሞርደው ነው ያወጧት። አፍንጫዋ ከተመታ የሚቀየር ነገር የለም። ቆርጦ መበየድ ነው። ያንን በደንብ የሚሠራ ባትላሜራ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ስቱኮ ሞልቶ፣ አለስልሶ፣ ቀለም መቀባት ነው።

ስለዚህ የፍሪጅ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ሂዱ። የፊት መብራቶቹን ዙሪያ፣ ከበሮቹ ሥር፣ ከጎማዎቹ ኋላ ያለውን ላሜራ ዳሱበት። ላሜራ ባለበት ይይዛል። ስቱኮ በበዛበት ተንሸራቶ ይወድቃል። ገላን አካባቢ ያየኋት አንዷ ከሩቅ ሙሽራ ትመስል ነበር። ማግኔቱ በቀኝ በኩል ጥብቅ አለ፣ በግራ ግን አልይዝ አለ። የመብራቷን ቀለበት ስናወልቅ ጠርዙ ላይ የጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ ተገኘ፣ መሃሉ ተሰንጥቋል። ባለቤቱ ራሱ አያውቅም ነበር መሰለኝ፣ ደንግጦ ዝም አለ።

ከዚያ ፊት ለፊቷ ቁሙና ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች (የፊት አየር ማስገቢያዎቿን) እዩ። እኩል ናቸው? አንዱ ጠቦ ወይ ዘቅዝቆ ከታየ በዚያ በኩል ተመታለች ማለት ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ክሪክ ይፈልጋል። ከበሩ ሥር ያለው ደፍ መኪናዋን ቀጥ አድርጎ የያዛት እሱ ነው። በዚያ በኩል ቀስ ብላችሁ አንሷት፣ በሩን ክፈቱና መልሳችሁ ዝጉት። አልዘጋ ካለ ወይም ከላይ ከነካ ደፉ በስብሷል፣ መኪናዋ መሃሏ ላይ እየታጠፈች ነው። ያኔ የቀለሙ ጉዳይ ቀረ። ምንጣፉንም አንሱና ወለሉን እዩ። ባትሪዋ እንደ ቮልስ ከኋላ ወንበር ሥር ሳይሆን ሞተር ክፍሉ ውስጥ ጥግ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ አሲድ የበላው ላሜራ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ይገኛል።

የት እንደኖረች መጠየቅም አይርሳችሁ። የኛ ደጋ ለላሜራ ደግ ነው፣ እንደ አሜሪካ ሰሜን መንገድ ላይ ጨው አይረጭም። አሰብ ወይ ምፅዋ የኖረች ከሆነች ግን ሌላ ነገር ነው። ባዶ አፈር ላይ ቆማ ክረምት ያሳለፈችም እንዲሁ፤ እርጥበቱ ከሥር ወደ ላይ ይበላታል።

አሁን ወደ «58 ሞዴል» እንምጣ። ሊብሬው ላይ ያለው 1958 በማን አቆጣጠር ነው? ይህ ልዩነት ገንዘብ ነው። እስከ 1959 በፈረንጅ የተሠሩት የፊት መብራታቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ሰብሳቢዎችም ለእነሱ የበለጠ ይከፍላሉ። 1958 በኛ ከሆነ ግን በፈረንጅ የ1965 ወይም የ1966 መኪና ናት። ደላላው ይህን ላያውቅ ይችላል፣ አውቆም ሊሆን ይችላል። የኋላውን ወንበር አንሱና መሃል ለመሃል በሚያልፈው ዋሻ ላይ የተመታውን ሻንሲ ቁጥር አንብቡ። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ቁጥሩ በ14 ይጀምራል፣ ሦስተኛዋ አኃዝ የሞዴሉ ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ናት። ቮልስዋገን አዲስ ሞዴል የሚጀምረው በፈረንጅ ነሐሴ ስለነበር ያንንም አስቡት። ይኸው ቁጥር ከፊት ሻንጣ ማስቀመጫ ውስጥ ባለችው ትንሽ ሳህን ላይም መኖር አለበት።

«ጥቂት ቀሩ» ለሚለው፦ በፈረንጅ ከ1955 እስከ 1974 ድረስ ኩፔ (ጣሪያው የማይከፈተው) እና ጣሪያ ከፋች ተደምሮ ከ440,000 በላይ ተሠርተዋል። አዲስ አበባ ላይ ብርቅ ናት፣ በዓለም ላይ ግን አይደለችም።

የለገጣፎዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ትናንት ሄዶ አየ። ቁጥሩ የሚጀምረው በ146 ነው፣ የፊቷ ሳህንም አንድ ነው። የሞተሩ ቁጥር በD ይጀምራል። ማግኔቱ በቀኝ አፍንጫዋ ላይ አልያዘም። ክሪኩን ግን «ቀለሙ ይላጣል» ብለው ከለከሉት። ሊብሬው በአባትየው ስም ነው፣ እሳቸው አርፈዋል። የሚሸጠው ትንሹ ልጅ ነው።

አሮጌ ቮልስ (ቡራዩ)፦
146 ማለት የ1966 ሞዴል ናት። ሊብሬው ላይ ያለው 1958 የኛ ነው ማለት ነው። «ብርቅዬዋ 58» እዚህ ላይ አበቃች።

ሞተሩም የራሷ አይደለም። የ1966ቷ ስትወጣ 1300 ሞተር ነበራት፣ ቁጥሩ በF ይጀምራል። D የ1200 ቮልስ ሞተር ነው። ይህ ለመንዳት ችግር የለውም። ግን «ሁሉ ነገሯ ኦሪጅናል ነው» እያሉ ዋጋ መጥራት አይቻልም።

ያም ሆኖ ሞተሩን ስትፈትሹ አጥፉትና ቺንጊያው የሚዞርበትን የታችኛውን ፑሌጃ በእጅ ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግፉ፣ ሳቡ። «ቀጭ ቀጭ» ካለ ብሮንዚናው አልቋል፣ ሞተሩ መውረድ አለበት። ኮምፕረሽን ሲለካም ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር አታወዳድሩ። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ደህና ሞተርም ዝቅ አድርጎ ያሳያል። አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ አወዳድሩ። ሦስተኛውን ለይታችሁ እዩ፤ በእነዚህ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ንፋሱን ስለሚጋርድበት ቫልቩ ቶሎ ይቃጠላል። አቀበት ላይ ቢለግም ግን አትፍረዱባት፣ በዚህ ከፍታ ካርቡራቶር ያለው ሁሉ ይለግማል።

የክሪኩ ነገር ግን ሰማሽ? ቀለም በክሪክ አይላጥም።

ጉዳይ አስፈፃሚ (ገላን)፦
እኔ ስለ መኪናው አላውቅም፣ ስለ ወረቀቱ ልናገር። ሊብሬው በሟች ስም ከሆነ ትንሹ ልጅ ብቻውን መሸጥ አይችልም። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል። ወራሾቹ ሁሉ ውልና ማስረጃ ቀርበው መፈረም ወይም ውክልና መስጠት አለባቸው። እናትየው በሕይወት ካሉ የእሳቸው ድርሻ አለበት። ብዙ ጊዜ አንዱ ወንድም ካናዳ፣ አንዷ እህት ስዊድን ናቸው፣ ውክልናው እስኪመጣ ወራት ይሄዳል። ሁለተኛ፣ እንዲህ ዓይነት መኪኖች በኤምባሲና በዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች ከቀረጥ ነፃ የገቡ ሊሆኑ ይችላሉ። ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ ሰነዱን) አምጡ በሏቸው። ፋይሏ ካለበት የተሽከርካሪ ምዝገባ ቅርንጫፍ ሄዳችሁም ዕዳና እገዳ እንደሌለባት አጣሩ። ቦሎዋ ለስንት ዓመት እንዳልታደሰም እዚያው ይታያል።

ከአያት፦
እኔ ያልኩት ምን ነበር?

ፍራንክፈርት፦
ለዋጋው ጥያቄ ከዚህ በኩል ልመልስ። እዚህ ጀርመን የድሮ መኪና ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠዋል። 1 እንደ አዲስ የሆነ፣ 5 ከመሠረቱ መታደስ ያለበት ነው። የደላሎቹ ስልክ ላይ ያለው ፎቶ ሁልጊዜ የደረጃ 1 መኪና ነው። እነሱ የሚሸጡላችሁ ደግሞ 4 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ትልቅ ነው። ሌላው፣ ማስታወቂያ ላይ የተጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን በሐራጅ ተሽጦ ያለቀበትን ፈልጉ። ጣሪያ ከፋቹ ከኩፔው በጣም ይወደዳል፣ ስለዚህ ሁለቱን አታደባልቁ። መቼ እንደተሠራች፣ ቀለሟ ምን እንደነበረና ወደ የትኛው አገር እንደተላከች ማወቅ ከፈለጋችሁ ቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን ሙዚየም በሻንሲ ቁጥሩ የምስክር ወረቀት ያወጣል፣ ይከፈልበታል። መጀመሪያ ቀይ ካልነበረች ይህም ከዋጋዋ ይቀንሳል።

ወደ ውጭ አውጥቶ መሸጥን ግን ሂሳብ ውስጥ አታስገቡት። ጂቡቲ ድረስ ጭነት፣ መርከብ፣ ወደብ፣ እዚህ ደግሞ ግብር። ለደረጃ 4 ኩፔ አያዋጣም።

የለገጣፎዋ፦
ሻጮቹ ደግሞ «የቤንዚን መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ያለው ሁሉ ዋጋው ይወጣል» ይላሉ። እውነት ነው?

አሮጌ ቮልስ (ቡራዩ)፦
ለቪትዝና ለኮሮላ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ሰው በየቀኑ ይፈልጋቸዋል። ካርማን ጊያ የሚፈልግ ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። እንዲያውም ክልከላው ለእናንተ ይከፋል። ድሮ ቢሆን ሌላ የተጎዳች ካርማን ጊያ አስገብቶ አርዶ ዕቃዋን መጠቀም ይታሰብ ነበር። አሁን መስታወት፣ ኒኬል፣ የመብራት ቀለበት፣ አፍንጫ ሁሉ አንድ በአንድ ከውጭ በሻንጣም በካርጎም መምጣት አለበት።

እኔ ብሆን ዋጋውን ከላይ ወደ ታች አልደራደርም። ከታች ነው የምጀምረው። አንድ ደህና ባትላሜራ ይዤ ሄጄ «ይህን ስቱኮ አራግፈህ አፍንጫዋን በላሜራ ብትሠራ፣ ደፉን ብትቀይር ስንት?» እለዋለሁ። ከውጭ የሚመጣውን ዕቃ እደምርበታለሁ። የወራሾቹን ወረቀት ጣጣ እደምርበታለሁ። ከዚያ ተሠርታ ብታልቅ እዚህ አገር ማን በስንት ይገዛኛል ብዬ፣ ከዚያ ላይ ይህን ሁሉ ቀንሼ የቀረውን እጠራለሁ። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ትንሽ ነው፣ ሻጭ ይቆጣል። ይቆጣ። ለፍቅር የምትጨምሩት ካለ ጨምሩ፣ ግን ለፍቅር እንደጨመራችሁ አውቃችሁት ይሁን።

ክሪክ እስኪፈቅዱ ደግሞ ደፉ እንደበሰበሰ አድርጋችሁ ነው ዋጋ የምትጠሩት።

የለገጣፎዋ፦
ባለቤቴ «ሌላ ሰው ሊወስዳት ነው» ብለውት ቀብድ ሊሰጥ ተነስቷል። ምን ልበለው?

ጉዳይ አስፈፃሚ (ገላን)፦
እንዳይሰጥ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ግን ብቻውን መሸጥ ከማይችል ወራሽ ላይ እጥፉን ለማስመለስ መሟገት ሌላ ራስ ምታት ነው። መጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃውን ኮፒ ያሳዩት። ከሌላቸው «ስታወጡ ደውሉልኝ» ብሎ ስልኩን ይተውላቸው።