«ራሱ ጎራሽ» ወይስ «ከፊል አውቶማቲክ»? የቀድሞ የጀርመን ሽጉጦች ስያሜ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የቋንቋ ወዳጆች፣ ስለ ቀድሞ የጀርመን ሽጉጦች የተጻፈ ጽሑፍ ስተረጉም «ዘልብስትላደፒስቶለ» የሚል ቃል ገጠመኝ። «ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ» ብዬ ብጽፈውም አልረካሁም። «ፓራቤሉም» የሚለውስ የሠሪው ስም ይሆን?

መልስ፦ አለመርካትዎ ተገቢ ነው። «ዘልብስት» ማለት ራሱ፣ «ላደን» ማለት መሙላት ወይም ማጉረስ ነው። በእኛ ቋንቋ መሣሪያ ጥይት ይጎርሳል፣ ተኳሹም ያጎርሰዋል፤ ስለዚህ «ራሱ ጎራሽ ሽጉጥ» ብንል ጀርመኖቹ ያሉትን ሳናጎድል እናገኘዋለን። ሥራውም ይኸው ነው፦ ጥይቱ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታው ኃይል መዝጊያውን ከፍቶ ባዶውን ቀለህ ያስወጣል፣ ሞላው (ስፕሪንጉ) ደግሞ መዝጊያውን ወደ ፊት ሲመልሰው ከካርታው፣ ማለትም ከጥይት መያዣው፣ ሌላ ጥይት ይጎርሳል፤ ለተኳሹ የሚቀረው ምላጩን እንደገና መሳብ ብቻ ነው።

ሁጎ ቦርሻርት እ.ኤ.አ. በ1893 ያወጣውና በበርሊኑ የሉድቪግ ሎቨ ፋብሪካ የተሠራው ሽጉጥ ካርታውን በእጀታው ውስጥ የያዘ ነበር፤ መዝጊያውም እንደ ሰው ጉልበት ይታጠፋል። ጀርመኖች ይህን አሠራር «ክኒገሌንክ» ይሉታል፤ ቃሉ በቀጥታ የጉልበት መገጣጠሚያ ማለት ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ባዕድ ቃል መዋስ የሚያስፈልገን አይመስለኝም። ሽጉጡ ግን ከኋላው የሚወጣው የሞላው ቤት አግዝፎት ስለነበር፣ ከ«ሸጎጠ» ለተገኘው ለእኛው «ሽጉጥ» ለሚለው ስም ብዙም የሚመች አልነበረም። ኦስትሪያዊው ጌኦርግ ሉገር ይህንኑ አሠራር አሳጥሮና አስተካክሎ የሠራውን ስዊዘርላንድ በ1900፣ የጀርመን ባሕር ኃይል በ1904፣ የጀርመን ምድር ጦር ደግሞ በ1908 ተቀበሉት። «ፒስቶለ 08» የሚለው መጠሪያ የመጣው ከዚሁ የመጨረሻ ዓመት ነው።

«ፓራቤሉም» የሰው ስም አይደለም። «ሰላምን ከፈለግህ ለጦርነት ተዘጋጅ» ከሚለው የላቲን አባባል የተወሰደ ሲሆን፣ የሉገርን ሽጉጥ ያመርት የነበረው የበርሊን ኩባንያ የቴሌግራም አድራሻው አድርጎት ነበር። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ ጽፈው ትርጉሙን አንድ ጊዜ ቢያብራሩት ይበቃል።

ተጨማሪ አስተያየት፦ በ«ራሱ ጎራሽ» እስማማለሁ፤ «ከፊል» የሚለውን ጨርሶ መጣል ግን ያሳስበኛል። በ1896 በጀርመኗ ኦበርንዶርፍ ከተማ የወጣው የማውዘር ሽጉጥ በአንድ ሳብ አንድ ጥይት ይተኩስ ነበር፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የመጣው «ሽኔልፎየር» (ፈጣን ተኩስ) የተባለው ዓይነቱ ግን ምላጩ እንደተሳበ ጥይቱን ያለማቋረጥ ያርከፈክፋል። ሁለቱም ራሳቸው ይጎርሳሉና «ራሱ ጎራሽ» ብቻውን አይለያቸውም። ጽሑፉ ከዚያ በፊት ስላሉት ብቻ ከሆነ «ራሱ ጎራሽ» በሚለው ስም ይጽናሉ፤ ኋለኛውንም ከጨመረ «በነጠላ ተኳሽ» እና «በተከታታይ ተኳሽ» የሚሉትን ቅጽሎች ማከል ግድ ይሆናል።