68 ተማሪ፣ የሚመልሱት ግን ሁልጊዜ እነዚያው አምስቱ

የሞጣው፦
ሰላም መምህራን። ሞጣ አካባቢ ገጠር ውስጥ 7ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ አራተኛ ዓመቴ ነው። ክፍሉ 68 ተማሪ አለው፤ በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው ይቀመጣሉ። ጥያቄ ስጠይቅ እጅ የሚያወጡት ሁልጊዜ እነዚያው አምስት ልጆች ናቸው። «ገባችሁ?» ስል ግን ሁሉም በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት 1/2 እና 1/3ን አወዳድሩ ብዬ ደብተር ሰበሰብኩ። ከግማሽ የሚበልጡት 1/3 ይበልጣል ብለዋል፤ ሦስት ከሁለት ይበልጣላ! በባትሪ መብራት ሳርም አምሽቼ፣ ቀዩን እስክሪብቶ ወርውሬ ተኛሁ። አንድ ለአምስት የሚባለውን የቡድን ሥራም ሞክሬያለሁ፤ ጎበዙ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። በገበያ ቀን ደግሞ ግማሹ ክፍል ባዶ ነው። እንዴት ነው የምትበረቱት? (ደመወዙን አታንሱብኝ፤ እሱን አውቀዋለሁ።)

የቢቸናዋ፦
ወንድምዓለም፣ በመጀመሪያ «ገባችሁ?» የምትለውን ቃል ተዋት። እኔ 19 ዓመት ሳስተምር «አልገባንም» ያለኝ ክፍል የለም። መልሱን በደብተራቸው ጀርባ በትልቁ ይጻፉና «አንሡ» ስትል ሁሉም በአንድ ጊዜ ከፍ ያድርጉት። 68ቱንም በአንድ እይታ ታያቸዋለህ። ክፍልፋዩን ደግሞ ከእርሻ ጀምረው። የገበሬ ልጆች እኮ ናቸው! ለባለመሬቱ ከምርቱ እኩል (ግማሹን) መስጠትና ሲሶ (ከሦስት አንዱን) መስጠት የቱ እንደሚከብድ ጠይቃቸው። ሰሌዳው ላይ 1/3 ብለህ የምትጽፈው ከዚያ በኋላ ይሁን።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
በእህታችን ሐሳብ ላይ ልጨምር። ቅኔ ቤት ጀማሪ የሚነሣው ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት ጉባኤ ቃና ነው፤ ሦስት ቤት ያላት ዘአምላኪየ ቀጥላ ትመጣለች። ቀን ለብቻው ይቆጥራል (ቅኔውን አስቦ ያዘጋጃል)፣ ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረምለታል። አንድ ለአምስቱ ያልሠራልህ ለብቻ የሚቆጠርበት ጊዜ ስላልነበረው ይመስለኛል። ሦስት ደቂቃ ማንም ማንንም ሳያይ ይሥሩ፤ ከዚያ ይመካከሩ። ሃያ ጥያቄ ሰጥተህ ከምታመሽ ሁለት ስጥ። ባትሪህም ይቆጠብልሃል።

ጡረታ የቀረበው፦
እኔ የምበረታው በምሳ ሰዓት ከመምህራን ማረፊያ በመሸሽ ነው። እዚያ የሚወራው ዝውውር ብቻ ነው።

የሞጣው፦
ሐሙስ ሞከርኩት። «እኩል ወይስ ሲሶ?» ስል ከወዲያ ጥግ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ሰምቼው የማላውቀው ልጅ «ሲሶ ይቀላል፤ አባቴ እኩል ነው የሚሰጡት» አለ። አንዲት ልጅ ተነሥታ «እኩል ይሻላል!» ብላ ሞገተችው። ለካ የእናቷን መሬት ሰው ነው የሚያርሰው! ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ሲሶውን ከሰጠ ለአራሹ ምን ይቀረዋል?» ብዬ ስቀጥል ያው ልጅ «ሁለት እጅ» አለኝ። ሰሌዳው ላይ 2/3 ብዬ ጻፍኩለት። ደብተር ሲያነሡ ስቆጥር 11 ልጆች ብቻ ተሳስተዋል። ነገ እርቦን (ከአራት አንዱን) ይዤ እገባለሁ።