የሾፌር መስኮት በዝናብ አልዘጋ አለኝ፣ ሎኩም ተበላሽቷል፤ ስዊቹን ልቀይር ወይስ ይጠገናል?

የአጋሮ መንገደኛ (ጠያቂ)፦
ሰላም የጅማ ልጆች፣ እንደምን አላችሁ። መኪናዬ የ2006 ሞዴል ያሪስ ናት። ለቡና ሥራ አጋሮ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እመላለስባታለሁ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ የሾፌሩ መስኮት ሲወርድ ደህና ነው፣ ሲዘጋ ግን አንዳንዴ እሺ አንዳንዴ እምቢ ይላል። ትናንት ሂርማታ ላይ ዝናቡ ድንገት ወረደና መስታወቱ ግማሽ ላይ ቆመብኝ፣ ቤት እስክደርስ ወንበሩም እኔም በሰበስን። የገረመኝ፣ ግቢ ገብቼ በሩን ከፈት አድርጌ ስጫነው ዝም ብሎ ወጣ።

ሌላም አለ። የኋላ ግራው መስኮት ከሾፌር በር ስጫነው ጨርሶ አይንቀሳቀስም። በራሱ ስዊች ግን ይወጣል፣ አይወርድም። ሎኩ ደግሞ ከሾፌር በር ስጫን አራቱንም በር ይቆልፋል፣ ለመክፈት ስጫን ግን ድምፅም የለው። አንድ ጋራዥ ሙሉ ስዊቹን ቀይሪ አሉኝ። ሌላ ሰው የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ንፊበት አለኝ። ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት የምታውቁ ንገሩኝ።

የመርካቶ ልጅ፦
መጀመሪያ ፊውዝ እዪ። ቀጥሎ ሾፌር በር ላይ የመስኮት መቆለፊያዋ ቁልፍ ተጭና እንዳይሆን፣ እሷ ከተጫነች የተሳፋሪ መስኮቶች አይሠሩም። እኔ በዚች ቁልፍ ምክንያት አንድ ቀን ሙሉ ጋራዥ ውያለሁ።

የአጋሮ መንገደኛ፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ። ቁልፏ አልተጫነችም፣ ፊውዙም ደህና ነው።

ሽቦ ፈቺው፦
እህቴ፣ ስዊች እንዳትገዢ፣ ቆይ። በሩን ስከፍት ሠራ ያልሽው ዋናው ፍንጭ ነው። ስዊቹ በሩ ተከፈተ ተዘጋ አያውቅም። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚታጠፈው ሽቦው ነው። በሩና የመኪናው አካል መሀል፣ ማጠፊያው ጋ፣ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ ጥቁር ጎማ አለ። የበሩ ሽቦ በሙሉ በሱ ውስጥ ነው የሚያልፈው። የሾፌር በር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚከፈት አስቢው፣ በዓመታት ውስጥ ከላይ ላስቲኩ ደህና መስሎ ውስጡ መዳቡ ይበጠሳል።

ሦስቱንም ችግርሽን በዚህ ዓይን እዪው። መስኮት ሲወርድ ክብደቱ ራሱ ያግዘዋል፣ ሲወጣ ግን ሞተሩ ብዙ ኃይል ይፈልጋል። ዋናው የኤሌክትሪክ ሽቦ በጥቂት ክሮች ብቻ ተንጠልጥሎ ከቀረ ለመውረድ ይበቃል፣ ለመውጣት አይበቃም። የኋላው መስኮት ደግሞ ሞተሩ ሁለት ሽቦ ነው ያለው። ሲወጣ አንደኛው ፖዘቲቭ ሌላኛው ማሳ (ኔጌቲቭ) ይሆናል፣ ሲወርድ ይገለበጣል። የኋላውን ስዊች ስትጫኚ ፖዘቲቩን እዚያው ያገኛል፣ ማሳውን ግን በሾፌሩ ስዊች በኩል ዞሮ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ከሾፌሩ ስዊች ወደ ኋላ ከሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች አንዱ ከተበጠሰ በራሱ ስዊች በአንድ በኩል ብቻ ይሠራል፣ ከሾፌር ስዊች ደግሞ ጨርሶ አይሠራም። ያልሽው በትክክል ይሄንኑ ነው! ሎኩም እንደዚያው፣ ለመቆለፍና ለመክፈት ለየብቻ ሽቦ አለው።

ለማረጋገጥ አንድ ሰው መስኮቱን እየተጫነ አንቺ ጎማውን በእጅሽ ያዝ አድርገሽ አነቃንቂው። መስኮቱ አንዴ እየሄደ አንዴ እየቆመ ካስቸገረ አገኘሽው ማለት ነው። ቴስተር ያለው ሰው ካገኘሽ ደግሞ ስዊቹ ላይ የሚመጣውን ቮልት ሞተሩ እየሠራ ይለካልሽ። ባትሪው ላይ 12 ሆኖ ስዊቹ ጋ 8 ወይም 9 ከወረደ ሽቦው ደክሟል።

ጡረተኛው ሾፌር፦
ልጄ፣ ዘይት ንፊበት ያለሽን ሰው አትስሚው። ይሄ ነገር ቀላል አይደለም። ቶዮታ በ2012 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር በዓለም ዙሪያ ከ7 ሚሊዮን በላይ መኪና ለጥገና የጠራው በዚሁ በሾፌር በር የመስኮት ስዊች ምክንያት ነው፣ ያሪስና ኮሮላም ነበሩበት። ውስጡ ያለው ግሪስ በእኩል ስላልተቀባ ስዊቹ ይሻክራል፣ ይይዛል። ሰው ደግሞ እንዲላላ ብሎ ገበያ ላይ ያለውን ማለስለሻ ሲነፋበት ስዊቹ ሊቀልጥና ሊጨስ ይችላል። በ2015ም ደግመው ሌሎች 6 ሚሊዮን ተኩል መኪኖች ጠርተዋል። ዘይት የሚነፉለት ስዊቹን ሳይሆን መስታወቱ የሚንሸራተትበትን ጎማ ነው፣ እሱም ሲሊኮን ስፕሬይ ቢሆን ይመረጣል። ስዊቹን ስትጫኚ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከመጣ ወይም ከሞቀ አትንኪው፣ ይቀየር።

የአጋሮ መንገደኛ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ልነፋበት ተቃርቤ ነበር። ዛሬ ማታ ግን ሰማዩ ጠቁሯል፣ መስኮቱም መልሶ ወርዶ ቀርቷል። ለጊዜው እንዴት ልዝጋው?

ሽቦ ፈቺው፦
በሩን ትንሽ ከፈት እያደረግሽ የሚሠራበትን ቦታ ፈልጊና ዝጊው፣ ከዚያ እስኪጠገን ድረስ አትንኪው። እምቢ ካለ የበሩ ፓኔል (የውስጥ ሽፋኑ) ተፈትቶ የሞተሩ ሶኬት ይነቀልና ከባትሪ በሁለት ሽቦ ቀጥታ 12 ቮልት ይሰጠዋል፣ ወደ ታች ከሄደ ሽቦዎቹን መገልበጥ ነው። ፖዘቲቩ ላይ ፊውዝ ይኑር፣ መስታወቱ ላይ ጣት አይኑር፣ ልክ ሲደርስ ወዲያው ይላቀቅ። ብቻሽን ግን አትሞክሪው።

በር ሠሪው፦
አንድ ነገር ልጨምር። ሽቦው ሲቀጠል ዝም ብሎ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል አይሁን፣ ከወር አይዘልም። እዚያው የሚታጠፈው ጎማ ውስጥ መበየድም ልክ አይደለም፣ የተበየደ ቦታ ስለሚደርቅ አጠገቡ ይበጠሳል። ለስላሳ ብዙ ክር ያለው አዲስ ሽቦ በጎማው ውስጥ ያሳልፉና መጋጠሚያውን አንዱን ጫፍ በበሩ ውስጥ፣ ሌላውን በክሩስኮቱ (በዳሽቦርዱ) ሥር ያድርጉት። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል።

ሌላው ደግሞ ከፓኔሉ ጀርባ የተለጠፈው ላስቲክ ነው። ብዙ ቦታ ቀድደው ይጥሉታል። የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ውሃ በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ሆድ መግባቱ አይቀርም፣ ያ ላስቲክ ነው ውሃው ወደ ሽቦና ስዊች እንዳይመጣ የሚከላከለው። ቆመሽ መልሰው ሲለጥፉት እዪ።

የአጋሮ መንገደኛ፦
ከአምስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። አጂፕ አካባቢ አንድ ኤሌክትሪሺያን ጋ ወስጄ መጀመሪያ ጎማውን ክፈትልኝ አልኩት። ዓይኔ እያየ ከፈተው። ሁለት ሽቦ ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል፣ አንዱ የኋላው መስኮት፣ አንዱ የሎኩ መክፈቻ። ዋናው ወፍራሙ ደግሞ በሦስት በአራት ክር ተንጠልጥሎ ነበር። ስዊቹን ፈትቶ አየው፣ ደህና ነው፣ አልቀለጠም። ሽቦዎቹን በር ሠሪው እንዳለው አደረገ፣ ላስቲኩንም መልሶ ለጠፈ። አሁን አራቱም መስኮት ይሠራል። ሙሉ ስዊች ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ መለዋወጫ ገበያ ላስመጣ ነበር እኮ፣ መጥቶም አይሠራልኝም ነበር። ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ።

አንድ የቀረኝ፣ ሎኩ ሲከፈት የኋላ ቀኙ በር ብቻ ጢክ ይላል ግን አይከፈትም።

በር ሠሪው፦
ጢክ ካለ ኤሌክትሪክ ደርሶታል። እዚያው በር ውስጥ ያለችው የሎክ ሞተር ጥርሷ ተበልቶ ወይም ዘንጓ ተላቆ ይሆናል። የዚያን በር ፓኔል ብቻ አስከፍቺ፣ ሌላውን አያስነኩሽ።