ለሴት የሚሆን የኮርስ ብስክሌት ፍሬም፦ ለጎጃም እኅቶች ጥቆማ ከባሕር ዳር

አንዲት እኅት ከደብረ ማርቆስ፣ ሌላዋ ከቡሬ፣ ኮርስ ብስክሌት ለመግዛት አስበው ስንት ቁጥር እንደሚሆናቸው ስለጠየቁኝ ባሕር ዳር ላይ ያየሁትንና የደረሰብኝን እጽፋለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ63 ነው። የመጀመሪያዬን ስገዛ ሻጩ በዓይኑ ለክቶ «ኮርቻውን ዝቅ ስናደርገው ልክሽ ይሆናል» አለና ባለ 54 ፍሬም (የብስክሌቱ ዋና አካል፤ ቁጥሩ የኮርቻው ዘንግ የሚገባበት ቱቦ ርዝመት በሴንቲ ሜትር ነው) ሰጠኝ። ኮርቻው ሲወርድ እግሬ በእርግጥ ፔዳሉ ላይ ደረሰ፤ መሪው ግን እንደራቀኝ ቀረ። መራዊ ደርሼ ስወርድ ጣቶቼ ከመደንዘዛቸው የተነሣ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጄ ነበር የምይዘው፤ አንገቴም እስከ ማግሥቱ አይዞርልኝም። ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ ከጉልበቴ ማነስ ቆጠርሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኮርቻ ከፍታ በአንድ ብሎን ይስተካከላል፤ ከኮርቻው እስከ መሪው ያለው ርቀት ግን በአብዛኛው ፍሬሙ ሲሠራ ተወስኖ ያለቀ ነው። ስቴም የሚባለውን የመሪ አንገት ከ11 ሴንቲ ሜትር ወደ 8 አሳጥሮ ሦስት ሴንቲ ሜትር ማትረፍ ይቻላል፤ ከ7 በታች ሲወርድ ግን መሪው እየቀለለ ይቅበዘበዛል። ትንሽ ፍሬም የኮርቻውን ዘንግ ከፍ በማድረግና አንገቱን በማስረዘም ያድጋል፤ ትልቁን ማሳነስ ግን ቶሎ ገደብ ላይ ያደርሳል። ስለዚህ በሁለት ቁጥሮች መካከል የምትዋልል ሴት ትንሹን ብትወስድ ይሻላታል ብዬ አምናለሁ።

ልኩን ቤት ውስጥ መውሰድ ይቻላል። ጫማ አውልቃችሁ ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፋችሁ ቁሙ፤ በእግሮቻችሁ መካከል ልባሱ ጠንካራ የሆነ መጽሐፍ አስገብታችሁ፣ ኮርቻ ላይ የተቀመጣችሁ ያህል እስኪሰማችሁ ወደ ላይ ግፉት፤ ከዚያ ሌላ ሰው በመጽሐፉ ጫፍ ትክክል ግድግዳው ላይ በእርሳስ ያስምር። መጽሐፉ ካዘነበለ ልኩ ይሳሳታልና ሦስት ጊዜ ደጋግሙት። ከወለሉ እስከ መስመሩ ያለው የእግር ልክ ነው፤ የእኔ 75 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ሲባዛ በ0.67 ወደ 50 ይመጣል፤ የፍሬሙ መነሻ ቁጥር ይኸው ነው። በ0.883 ሲባዛ ደግሞ ወደ 66 ይጠጋል፤ ይህም ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሐል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ከፍታ ነው። ሁለቱም መነሻ እንጂ ፍርድ አይደሉም።

ፍርድ የማይሆኑበት ምክንያት አለ። የድሮ ፍሬም የላይኛው ቱቦ አግድም ስለነበር ቁጥሩ ይታመን ነበር፤ የዛሬው ወደ ኋላ ስለሚያዘቀዝቅ የአንዱ ፋብሪካ 50 ከሌላው 50 ጋር አይገጥምም፤ አንዳንዱም ቁጥሩን ትቶ በፊደል ብቻ ይለያል። ስለዚህ ሻጩን ስለ ቁጥሩ ከመጠየቅ ይልቅ ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ከኮርቻው ዘንግ መሐል ተነሥታችሁ፣ ያዘቀዘቀውን ቱቦ ሳትከተሉ በአየር ላይ አግድም፣ መሪው እስከሚሰካበት ቱቦ መሐል ለኩ። በእኔ ቁመት 52 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ተስማምቶኛል።

«የሴት ፍሬም» የሚለው ጽሑፍ ላይ ብዙ አልመካም። የታይዋኑ ብስክሌት ፋብሪካ ጃይንት በ2008 እ.ኤ.አ. ሊቭ የተባለውን የሴቶች ምርት ለብቻው ጀምሮ ዛሬም ለሴት የተለየ ፍሬም ይሠራል፤ የአሜሪካው ስፔሻላይዝድ ደግሞ የብዙ ሰዎችን ልክ ካነጻጸረ በኋላ የሴትና የወንድ ፍሬም መለየቱን ትቷል። ለገዢዋ የሊቭ ትልቁ ጥቅም ትንንሽ ቁጥሮች መኖራቸው፣ መሪውና ኮርቻውም አብረው ለሴት ተመርጠው መምጣታቸው ነው። ልኳ የሆነ የወንድ ፍሬም ያገኘች ሴት ግን ምንም አልቀረባትም።

ወደ መግዣው ስንመጣ፣ በጣና ዳር የሚከራዩት ብስክሌቶች በአብዛኛው ማውንቴን ስለሆኑ ሚዛን ለመልመድ እንጂ የኮርስን ልክ ለማወቅ አይረዱም። ባሕር ዳር ላይ ከሚሸጡት ያገለገሉ ኮርሶች መካከል ያየኋቸው አብዛኞቹ 54 እና ከዚያ በላይ ነበሩ፤ ዋጋቸው ይማርካል፤ ነገር ግን ሳይለኩ መግዛት የእኔን ዓመት መድገም ነው። አዲስ አበባ ምርጫው ይሰፋል፤ ሆኖም በስልክ ተዋውላችሁ በመኪና ከማስጫን ሄዳችሁ ብትቀመጡበት ይሻላል። ውጭ አገር ዘመድ ያላት፣ የፋብሪካውን የልክ ሰንጠረዥ አይታ የላይኛውን ቱቦ አግድም ርዝመት በሴንቲ ሜትር ጽፋ ብትልክለት ከሁሉም የተሻለ ታገኛለች። ለማስተካከል ግን ከሁሉም በላይ የምተማመነው በየዛፉ ጥላ ሥር በሚሠሩት ብስክሌት ጠጋኞች ነው። አንዱ የግንበኛ ቱምቢ ከጉልበቴ ላይ አንጠልጥሎ፣ ክሩ ከፔዳሉ መሐል ጋር እስኪገጥም ኮርቻዬን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንሸራተተ ግማሽ ሰዓት ደከመልኝ።

ፍሬሙ ከተገኘ በኋላ መጀመሪያ የሚቀየረው ኮርቻው ነው። የሴት የመቀመጫ አጥንቶች በአማካይ ከወንድ ሰፋ ያሉ ናቸው፤ መደብ ላይ የካርቶን ቁራጭ አንጥፋችሁ ብትቀመጡበት ሁለት ጎድጓዳ ምልክቶች ይቀራሉ፤ የመሐላቸው ርቀት ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ስትጨምሩበት የኮርቻው ስፋት ይገኛል። መሪው ከትከሻ አጥንት ባይሰፋ መልካም ነው፤ ለብዙዎቻችን 38 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። የፍሬን እጀታው ለአጭር ጣት ከራቀ የሚያቀርበው ብሎን መኖሩን ጠይቁ፤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከሺህ ሜትር በላይ በሚወርደው መንገድ ላይ ፍሬን በጣት ጫፍ መያዝ አደጋ ነው። ትንንሽ ፍሬሞች ላይ መሪው ሲጠመዘዝ የጫማ ጫፍ የፊት ጎማውን ሊነካ ይችላል፤ በፍጥነት ስትነዱ አያጋጥምም፤ በባጃጅ መካከል ቀስ ብላችሁ ስትዞሩ ግን አስቡት።

የደብረ ማርቆሷ እኅቴ የላከችልኝ የእግር ልክ 72 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከ48 ትጀምር፤ ባለ 50 ርካሽ አግኝቻለሁ ብላለች፤ ከኮርቻው ዘንግ እስከ መሪው ቱቦ አግድም የሚለካው ርቀት ከ52 ካለፈ ትተወው። የቡሬዋ 78 ስለሆነች ስሌቱ 52 ይላታል፤ ሆኖም እጄ አጭር ነው ስላለችኝ፣ ገንዘቡን ከመክፈሏ በፊት በ50ው ላይም ተቀምጣ፣ ክርኗን ሳትገትር መሪውን መያዝ መቻሏን ትይ።