ከፐርዝ እስከ አልባኒ በካራቫን፦ እኔና ባለቤቴ ልንሄድ ነው፣ ምከሩን

ፐርዝ ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ኦክቶበር ላይ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስደናል። ልጆቹ አድገው ከቤት ወጥተዋል። ለብቻችን እንዲህ ያለ ጉዞ አድርገን አናውቅም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ካራቫኑን (በመኪና የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤት) ሊያውሰን ተስማምቷል። ሐሳባችን እዚሁ ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ በባሕሩ ዳር በበሰልተን፣ በማርጋሬት ሪቨርና በኦገስታ አድርገን፣ ከዚያ ወደ ጫካው ወደ ፔምበርተንና ዎልፖል ገብተን፣ በዴንማርክ በኩል አልባኒ ደርሰን መመለስ ነው።

ሁለት ነገር ግራ አጋብቶናል። አንደኛ፣ መኪናዬ ጠንካራ ነው፣ ግን ተሳቢ ነድቼ አላውቅም። ሁለተኛ፣ ባለቤቴ ጫካ ጫካውን ትላለች፣ እኔ ደግሞ ባሕር ዳር ቁጭ ማለት ነው የምወደው። ሁሉንም እንነካካው ወይስ አንዱን እንምረጥ? ሁለታችንም ዋና አንችልም። ሄዳችሁ ያያችሁ በዝርዝር ብትነግሩን ደስ ይለናል።


የአሰብ መንገድ

ወንድሜ፣ ስለ ቦታው ሌሎች ይነግሩሃል። እኔ ስለ ተሳቢው ልንገርህ። አገር ቤት ሳለሁ የአሰብን መስመር ሠርቻለሁ። እዚህም ጡረታ እስክወጣ ድረስ የጭነት መኪና ነበር የምነዳው።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እይ። ካራቫኑ ላይ ባዶ ክብደቱና ተጭኖ የሚፈቀድለት ጠቅላላ ክብደት የተጻፈበት ጠፍጣፋ ብረት ተለጥፏል። የመኪናህ መመሪያ ደግሞ ስንት ኪሎ መጎተት እንደምትችል ይናገራል። ሳታመሳክር እንዳትነሳ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። የ80 ሊትር ታንከር ሞልተህ ከወጣህ 80 ኪሎ ጨመርክ ማለት ነው። እዚያ ሁሉ ከተማ ውሃ ስላለ ጥቂት ይዘህ ብትወጣ ይበቃሃል። ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። ከ2 ቶን ካለፈ በሁሉም ጎማ ላይ ፍሬን፣ በዚያ ላይ ከመኪናው ቢላቀቅ ራሱን የሚያቆም መሣሪያ ያስፈልገዋል። የካራቫኑን ፍሬን የምታዝበት መቆጣጠሪያ መኪናህ ውስጥ መገጠሙን አረጋግጥ። የተዋስከው ካራቫን ስለሆነ ኢንሹራንሱ አንተን ይሸፍን እንደሆነም ባልደረባህ ይጠይቅልህ።

አጫጫኑ ላይ ጠንቀቅ በል። ከባዱ ዕቃ ወለሉ ላይ፣ ከጎማው ትይዩ ይቀመጥ። ኋላ ላይ ካበዛኸው ጭራው ይወዛወዛል። ከጠቅላላው ክብደት አንድ አሥረኛ ያህሉ መንጠቆው ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው። መወዛወዝ ከጀመረ የመኪናውን ፍሬን አትርገጥ። እግርህን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብለህ አንሳ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ በመቆጣጠሪያው የካራቫኑን ፍሬን ብቻ ነካ አድርግ። ራሱ ይረጋል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ አስቀድመህ ማርሽ ቀንስ።

በዚህ ስቴት ተሳቢ ይዘህ ከ100 በላይ መንዳት አይፈቀድም፣ ምልክቱ 110 ቢልም። እኔን ብትሰማኝ 90 ላይ ሁን። ኋላህ መኪና ከተደረደረ ማሳለፊያ ቦታ ስታገኝ አሳልፋቸው። በተለይ ግንድ የጫኑትን። የመገናኛ ሬዲዮ (UHF) ካለህ የከባድ መኪና ሾፌሮች ቻናል 40 ላይ ናቸው፣ የካራቫን ሰዎች 18 ላይ። ሚስትህ ደክሟት ካራቫኑ ውስጥ ልተኛ ብትል እየነዳህ አይሆንም፣ ሕጉም አይፈቅድም።

የኋላ ማርሽ ነው ሁሉንም የሚያስጨንቀው። እጅህን መሪው ታች ላይ አድርግ። የካራቫኑ ጭራ ወደ ግራ እንዲሄድ ከፈለግህ እጅህን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ከፈለግህ ወደ ቀኝ። በትንሽ በትንሹ ስበር፣ ከተጣመመ ወደፊት ወጥተህ እንደገና ጀምር። ባለቤትህ ረዳት ትሁንህ። ሁልጊዜ በስፖኪዮ የምታያት ቦታ ላይ ትቁም። ካላየሃት ቁም፣ ሌላ ነገር የለም። ምልክቱን ቤታችሁ ሳላችሁ ተስማሙበት። ቅዳሜ ጠዋት ባዶ የመኪና ማቆሚያ ፈልጋችሁ ሁለታችሁም ተለማመዱ። ሁለታችሁም ያልኩት አንተ ቢያምህ እሷ መንዳት እንድትችል ነው።

ስትፈታ ደግሞ መጀመሪያ ታኮ ጎማው ሥር። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።


ጫካ ወዳጅ

ይህን መስመር እኔና ባለቤቴ በጣም ስለምንወደው ረዘም አድርጌ እጽፍላችኋለሁ።

በመጀመሪያ፣ የዘረዘራችኋቸው ከተሞች ሁሉ ላይ ካራቫን አታቁሙ። ማቆም፣ ማስተካከል፣ መብራትና ውሃ ማገናኘት፣ በማግስቱ ደግሞ ያንኑ ሁሉ ፈትቶ መነሳት ቀኑን ይበላዋል። ሦስት ቦታ ምረጡና እዚያ እደሩ። ካራቫኑን ትታችሁ በመኪና ብቻ ዞር ዞር በሉ። እኔ ብሆን ማርጋሬት ሪቨር ወይም ኦገስታ አካባቢ፣ ቀጥሎ ፔምበርተን፣ መጨረሻ ዴንማርክ ነው የምለው። ዎልፖል ከዴንማርክ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አልባኒ ደግሞ በሌላው በኩል 55 ገደማ። ሁለቱንም ደርሶ መመለስ ይቻላል። በሰልተንን በመንገዳችሁ ላይ አቁማችሁ እዩት። 1.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የእንጨት ድልድይ ባሕሩ ውስጥ ገብቷል፣ እላዩ ላይ ትንሽ ባቡር ትሄዳለች። ኦክቶበር ላይ ዓሣ ነባሪዎች ግልገሎቻቸውን ይዘው ወደ ደቡብ ሲመለሱ በዚያ ባሕረ ሰላጤ ያልፋሉ። ደንስቦሮ አካባቢ ከዳር ሆኖ ማየት ይቻላል።

ባሕርና ጫካ መምረጥ ግን አያስፈልጋችሁም። ኬቭስ ሮድ የሚባለውን መንገድ ከማርጋሬት ሪቨር ወደ ደቡብ ያዙ። ቦራነፕ ጫካ ውስጥ ትገባላችሁ። ካሪ የሚባሉት ዛፎች ግራና ቀኝ ቆመዋል፣ ባሕሩ ደግሞ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ይህ ጫካ ከ100 ዓመት በፊት ለእንጨት ተጨፍጭፎ ያለቀ ነበር። አሁን የምታዩት እንደገና ያደገው ነው። እኔ እዚያ በደረስኩ ቁጥር ይህን ሳስብ ልቤ ይሞላል። አገራችን ላይ የተራቆተውን ሁሉ አስባለሁና። ከአስፋልቱ የሚገነጠለው የቦራነፕ ኮረኮንች ግን ለካራቫን አይሆንም፣ በመኪና ብቻ ግቡ።

ከዚያ ሐመሊን ቤይ ሂዱ። ስቲንግሬይ የሚባሉት ጠፍጣፋ ትልልቅ ዓሣዎች እስከ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ይመጣሉ። አትንኳቸው፣ ጭራቸው ላይ መርዛማ እሾህ አለ። ቆሞ ማየት ይበቃል። ኦገስታ ላይ የኬፕ ሉዊን መብራት ቤት አለ፣ ከ1896 ጀምሮ የሚሠራ። የሕንድ ውቅያኖስና ደቡባዊው ውቅያኖስ እዚያ ይገናኛሉ ይባላል። ንፋሱ ኃይለኛ ነው፣ ባለቤትህ ነጠላ ሳይሆን ጃኬት ትልበስ።

ፔምበርተን ለባለቤትህ ነው። ካሪ ራሱ የባሕር ዛፍ ዓይነት ነው፣ ግን እንጦጦ ላይ የምናውቀውን አትጠብቁ። እስከ 80 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ግንዱ ላይ እጃችሁን አሳርፉ። ለስላሳና ቀዝቃዛ ነው። አሮጌው ቅርፊት በረጃጅሙ ተልጦ ሥሩ ላይ ይከመራል፣ አዲሱ ከሥሩ ብርቱካናማና ሮዝ ሆኖ ይወጣል፣ ከዚያ እየነጣ ይሄዳል። ዝናብ ካባራ በኋላ ቀለሙ ይበልጥ ይደምቃል፣ ሽታውም ይነሳል። ያ ሽታ እናቴ ቅጠሉን ጠርጋ ምጣድ የምታሰማበትን ጓሮ ያስታውሰኛል። ግሎስተር የሚባለው ዛፍ ከ1947 ጀምሮ የእሳት ቃጠሎ መቃኛ ሆኖ ያገለገለ ነው። ግንዱ ላይ መወጣጫ ተቸክሎ፣ ከ50 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሰው ተቀምጦ ጭስ ይጠብቅ ነበር። መውጣት የሚፈቀድበትና የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። ባይፈቀድም ሥሩ ቆሞ ቀና ማለት ብቻውን ይበቃል። ዋረን ፓርክ ውስጥ ሃርትብሬክ የሚባል መንገድ አለ፣ ቁልቁል ኮረኮንች ነው። ካራቫን ይዛችሁ እንዳትገቡበት።

ከሁሉ የማይቀረው ዎልፖል ነው። ቀይ ቲንግል የሚባለው ዛፍ በዓለም ላይ እዚያ አካባቢ ብቻ ነው ያለው። ሥሩ ሲለካ ዙሪያው ከ20 ሜትር የሚበልጥ አለ። ብዙዎቹ በእሳት ውስጣቸው ተቦርቡሮ ከሥር ባዶ ናቸው፣ ከላይ ግን ለምለም። ድሮ ሰው መኪናውን ሆዱ ውስጥ አስገብቶ ፎቶ የሚነሳበት አንድ ታዋቂ ዛፍ ነበር። የዚህ ዛፍ ሥር ወደ ታች አይጠልቅም። የሰው እግርና መኪና አፈሩን ጠቀጠቀው፣ በ1990 ወደቀ። ከዚያ በኋላ ነው በ1996 በዛፎቹ መሐል ከፍ ብሎ የሚሄደው የብረት የእግር መንገድ (ትሪ ቶፕ ዎክ) የተከፈተው፣ ሥሩ እንዳይረገጥ ተብሎ። መሬቱ ሸለቆ ስለሆነ ከዳር ስትጀምሩ ዝቅ ያለ ነው፣ መሐል ላይ 40 ሜትር ከፍ ትላላችሁ። ደረጃ የለውም፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰውም ይችለዋል። ስትራመዱበት ይወዛወዛል፣ እንዲወዛወዝ ሆኖ ነው የተሠራው። ጠዋት እንደተከፈተ ግቡ። ሰው ሳይበዛ ወፉ ይሰማል።

ዋና ስለማትችሉ ደግሞ ዴንማርክ አጠገብ ግሪንስ ፑል ሂዱ። ትልልቅ የግራናይት ዐለቶች ማዕበሉን ከውጭ ስለሚያስቀሩት ውሃው ይረጋል። ዳር ዳሩን እግራችሁን ነክራችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ። ወንድሜ፣ አንተ ከዚያ የምትነሳ አይመስለኝም።

አንድ አደራ አለኝ። በእግር መንገዶቹ መግቢያ ላይ የጫማ መጥረጊያ ብሩሽ ታያላችሁ። ዛፎችንና ቁጥቋጦዎችን ከሥር የሚገድል በሽታ በጭቃ ነው የሚተላለፈው። ስትገቡም ስትወጡም ጫማችሁን ጥረጉ።


አልባኒ ያለሁ

እኔ እዚሁ አልባኒ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር።

ዘ ጋፕ የሚባለውን ገደል ማየት አለባችሁ። ከገደሉ ወጣ ብሎ በተሠራ የብረት ወለል ላይ ቆማችሁ ከታች ማዕበሉ ሲጋጭ ታያላችሁ። ከአጥሩ ግን አትለፉ። ሌላ ቦታም ዓሣ አጥማጅ ስለቆመ ብላችሁ እርጥብ ዐለት ላይ አትውረዱ። ባሕሩ ጸጥ ብሎ ቆይቶ ድንገት አንድ ትልቅ ማዕበል ይመጣል። ሰው በየጊዜው የሚሞተው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ቡና ነው። እኛ ሰዎች ጀበናና ከሰል ሳንይዝ አንወጣም። ካራቫን ውስጥ ከሰል አታያይዙ፣ መስኮት ቢከፈትም። ደጅ አንድዳችሁ ከሰሉ የከሰመ መስሏችሁ ማንደጃውን ለሙቀት ብላችሁ ማታ ወደ ውስጥ አታስገቡ። ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይወጣል፣ ሽታ የለውም፣ ተኝታችሁ ያስቀራችኋል። የኦክቶበር ሌሊት እዚህ ገና ይበርዳል፣ ሰው የሚፈተነው ያኔ ነው። ብርድ ልብስ ጨምሩ። ቡናውን በካራቫኑ የጋዝ ምድጃ አፍሉት፣ መስኮትና የጣሪያውን ማናፈሻ ከፍታችሁ።


ፐርዝ ነዋሪ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ባለቤቴ ሁሉንም ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ቲንግሉ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ ደግማ አነበበችው። ሦስት ማደሪያ በሚለው ተስማምተናል። ጋሼ፣ ልምምዱን የፊታችን ቅዳሜ እንጀምራለን፣ እሷም መሪ ትይዛለች።

አንድ ልጠይቅ፣ ቦታ አስቀድመን መያዝ አለብን? መብራትና ሽንት ቤቱስ እንዴት ነው?


ጫካ ወዳጅ

የትምህርት ቤት ዕረፍት እስከ ኦክቶበር መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይገባል። ከዚያ በኋላ ከሄዳችሁ በቀላሉ ታገኛላችሁ፣ ግን ለቅዳሜና እሑድ አሁኑኑ ያዙ። ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ማደር ከፈለጋችሁ በፓርክ ስቴይ ድረ ገጽ ነው የሚያዘው፣ እዚያ መብራት አትጠብቁ። ካራቫን ፓርክ ከሆነ መብራት አለ። የካራቫን ገመድ ባለ 15 አምፔር ነው፣ የቤቱን ባለ 10 ማራዘሚያ አትጠቀሙ፣ ይግላል። የሽንት ቤቱ ሣጥን ተስቦ ይወጣል። ከተሞቹ ላይ የተለየ መድፊያ ቦታ አላቸው፣ ሌላ የትም አይደፋም። ስትነሱ የጋዙን ሲሊንደር ዝጉ።

ጨለማ ሳይዝ ድረሱ። ካንጋሮ ሲመሽና ሲነጋ ነው መንገድ የሚገባው፣ ካራቫን ይዞ ደግሞ ቶሎ መቆም የለም። እኛ ከአራት ሰዓት ጠዋት በፊት አንነሳም፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አንገኝም።