ሜታኖል፦ በርሜሉ ላይ 2፣ በሩ ላይ 3 ይላል። የቱን ልመን?

አዲሷ ስቶር ኪፐር

ጤና ይስጥልኝ። የኬሚካል መጋዘን በቅርቡ ነው የተረከብኩት። ከተረከብኩት ዕቃ ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ ሜታኖል የሚባለው መርዛማ አልኮል ነው። ባለ 200 ሊትር የብረት በርሜሎች ናቸው። ከፊሉ ሙሉ ነው፣ ከፊሉ ተጀምሯል፣ ከፊሉ ደግሞ «ባዶ» ተብሎ ጥግ ላይ ተደርድሯል።

በርሜሉ ላይ ያለው ሌብል ሦስት ምልክት አለው። አንዱ እሳት ነው። አንዱ የራስ ቅል ነው። ሦስተኛው ደረቱ ላይ ኮከብ የመሰለ ነገር ያለበት ሰው ነው። ሴፍቲ ዳታ ሺቱን (ከኬሚካሉ ጋር የሚመጣውን የደህንነት ሰነድ) ገልጬ ሳይ ለእሳቱ «ምድብ 2»፣ ለመርዙ «ምድብ 3» ይላል። የመጋዘኑ በር ላይ ደግሞ ባለ አራት ቀለም አልማዝ ተለጥፏል፤ ቀዩ ላይ 3 ተጽፏል። ታዲያ እሳቱ 2 ነው ወይስ 3? አንዱ ተሳስቶ ከሆነ ላስነሳው።

ሌላም አለ። ከእኔ በፊት የነበሩት በርሜሉን አጋድመው በፕላስቲክ ባልዲ ነው የሚቀዱት። ጓንታቸው ያቺ ስስ ሰማያዊዋ ናት። ስጠይቃቸው «ጋዝ መለኪያው ካልጮኸ ምንም የለም፤ አታካብጂ» ይሉኛል። እውነት ነው?

---

በርሜል ጠባቂ

እህቴ፣ አላካበድሽም። የቁጥሩን ነገር ቶሎ እንጨርሰው፤ ዋናው ጉዳይ ሌላ ነው።

ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚቆጥሩት ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ሌብሉ የተባበሩት መንግሥታት ጂኤችኤስ የሚባለው አመዳደብ ነው፤ እዚያ 1 የባሰው ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አደጋው ይቀንሳል። አልማዙ ኤንኤፍፒኤ 704 የሚባለው የአሜሪካ አመዳደብ ነው፤ እዚያ ደግሞ 0 ምንም ማለት ነው፣ 4 የባሰው ነው። ስለዚህ የሌብሉ 2 እና የአልማዙ 3 የሚያወሩት ስለ አንድ እሳት ነው። የሜታኖል ፍላሽ ፖይንት፣ ማለትም ተኑ እሳት ሲያገኝ መቀጣጠል የሚጀምርበት ሙቀት፣ 11 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የሚፈላው 64.7 ላይ ነው። ፍላሽ ፖይንቱ ከ23 በታች ሆኖ ከ35 በላይ የሚፈላ ፈሳሽ በጂኤችኤስ ምድብ 2 ነው። አልማዙን አታስነሺው። ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ነው የተሠራው፤ በር ላይ ቆመው በአንድ እይታ እንዲያነቡት። ለዕለት ሥራሽ ግን ሌብሉንና ሰነዱን ያዢ።

«ምድብ 3 መርዝ» የሚለውም እንዳያዘናጋሽ። የአይጥ ሙከራ ብቻ ቢታይ ሜታኖል የራስ ቅል እንኳ አይለጠፍበትም ነበር። አይጥ በኪሎ ከ5 ግራም በላይ ትችላለች። ሰው አይችልም። 10 ሚሊ ሊትር ንጹህ ሜታኖል ዐይን ሊያጠፋ ይችላል፤ 30 ሚሊ ሊትር ደግሞ ሊገድል ይችላል። ምድቡ የተሰጠው በሰው ላይ የደረሰው ታይቶ ነው። ያ ደረቱ ላይ ኮከብ ያለበት ሰው ደግሞ እዚህ የቆመው የአካል ክፍል ስለሚጎዳ ነው፤ የሜታኖሉ ዐይን ነው። እሱ ላይ ምድቡ 1 ነው፤ ማለትም የመጨረሻው የባሰ።

አሁን ወደ መለኪያው። «ካልጮኸ ምንም የለም» የሚለው ነገር ነው እኔን የሚያናድደኝ። በየመጋዘኑ እሰማዋለሁ።

እስቲ አብረን እናስላው። የሜታኖል ተን ከአየር ጋር ሲቀላቀል የሚነደው ከ6 እስከ 36 በመቶ ባለው መጠን ነው። ብዙዎቹ የተቀጣጣይ ጋዝ መለኪያዎች መጀመሪያ የሚጮኹት ተኑ የታችኛውን ወሰን (የ6 በመቶውን) አንድ አሥረኛ ሲሞላ ነው። የ6 በመቶ 10 በመቶ 0.6 በመቶ ነው። በፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ስንት እጅ እንደሆነ በሚቆጥረው መለኪያ) 6,000 ይሆናል። ለስምንት ሰዓት ሥራ በብዛት የሚያዘው ወሰን ግን 200 ፒፒኤም ነው። መለኪያው ገና ሊጮህ ሲል 30 እጥፍ አልፈሻል ማለት ነው። ኒዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ቦታ ደህንነትና ጤና ተቋም ለሕይወት ወዲያው የሚያሰጋ ብሎ ያስቀመጠው ቁጥርም ይኸው 6,000 ነው። መለኪያው ሜቴን በሚባለው ሌላ ጋዝ የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ሜታኖልን አሳንሶ ሊያነብ ይችላል። መለኪያው አልዋሸም። የተጠየቀው ስለ እሳት ነው፤ ስለ እሳት መለሰ። ስለ መርዝ የጠየቀው የለም።

አፍንጫም አያድንሽም። ብዙ ሰው ወሰኑ ካለፈ በኋላ ነው የሚሸተው።

ባልዲውን ዛሬውኑ አስወጪ። በርሜሉ ይቁም። የእጅ ፓምፕ ግጠሚ። መቅጃው የብረት ዕቃ ይሁን። ስታቲክ (በመፋተግ የሚፈጠር ኤሌክትሪክ) እንዳይጠራቀም በርሜሉና መቅጃው በሽቦ ይገናኙ፤ በርሜሉ ደግሞ ኧርዝ ይደረግ፣ ማለትም በሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዝ። መቆንጠጫው ቀለም ላይ ሳይሆን ባዶ ብረት ላይ መንከሱን በዐይንሽ እዪ። ቀለም ላይ የተሰካ ክሊፕ ለጌጥ ነው። የሜታኖልን ተን ለማቀጣጠል 0.14 ሚሊ ጁል የምትሆን እጅግ ትንሽ ጉልበት ትበቃለች። ሰው ጣቱ ላይ የሚሰማው የስታቲክ ብልጭታ ከዚያ ይበልጣል። ቱቦው እስከ ዕቃው ወለል ይድረስ፤ ከላይ እየተንዠቀዠቀ አይውረድ።

«ባዶ» ስላልሻቸው በርሜሎች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከሙሉዎቹ ይልቅ እነሱን ፍሪ። በ20 ዲግሪ ሙቀት ሜታኖል ባለበት በርሜል ውስጥ፣ ከፈሳሹ በላይ ያለው አየር 13 በመቶ ያህል ተን ይይዛል። 6 እና 36 ያልነውን አስታውሺ። መሀሉ ላይ ነው። ቤንዚን በዚህ ሙቀት ታንኩ ውስጥ ተኑ ስለሚበዛ በአብዛኛው ከላይኛው ወሰን ያልፋል፤ ሜታኖል ግን ልክ በሚነድበት መጠን ላይ ይቀመጣል። የተወሰነ ጭላጭ ቀርቶ ክዳኑ የላላ በርሜል ዝግጁ ቦምብ ነው። ክዳናቸውን አጥብቂ፣ ሌብላቸው ይቆይ፣ ከሙሉዎቹ እኩል ጠብቂያቸው። ማንም በብየዳ ወይም በግራይንደር እንዳይጠጋቸው።

---

የቀለም ቤት ሰው

በርሜል ጠባቂ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ትንሽ አጋነንከው። እኔ ከዚህ ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ። ስስ ሰማያዊ ጓንት ነው የማደርገው። እጄ ይደርቃል እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ማስክም ባለ ካርትሪጅ አለን፤ ያ ጥቁሩ የከሰል። ደግሞ ለመርዙ መለኪያ ከፈለጋችሁ ፒአይዲ የሚባለው በመብራት ተን የሚለካ መሣሪያ አለ አይደል? እሱ እኮ በፒፒኤም ያነባል።

---

በርሜል ጠባቂ

ወንድሜ፣ ጤናህ በመልካም መቆየቱ ደስ ይለኛል። ግን ሦስቱም ላይ አልስማማም።

ስስ ናይትራይል፣ ያቺ ሰማያዊዋ ጓንት፣ ሜታኖልን የሚያቆመው ለደቂቃዎች ነው። ከዚያ በኋላ ጓንቱ ሳይቀደድ ሳይለወጥ ፈሳሹ ሾልኮ ቆዳህ ጋ ይደርሳል። እጅህ የሚደርቀው ለምን ይመስልሃል? ደርሶ ነው እኮ! ሜታኖል በቆዳ ይገባል፤ ለቆዳም የተሰጠው ምድብ 3 ነው። ለማፍሰስና ለመቅዳት ቡቲል ጎማ ነው የሚያስፈልገው፤ ሰዓታት ይችላል። ስሷ ጓንት ለፍንጣቂ ትሆናለች፤ ከነካት ወዲያው ወልቃ ትጣል።

ካርትሪጁ ላይ ደግሞ ከሰሉ ሜታኖልን አይዝም። ቶሎ የሚተን ቀላል ሞለኪውል ስለሆነ ከሰሉን ቶሎ ያልፈዋል። በአውሮፓው ደረጃ ለእንዲህ ዓይነቱ ኤኤክስ የሚባል ለብቻው የተሠራ ማጣሪያ አለ፤ እሱም አንዴ ተጠቅመህ የምትጥለው ነው። ተኑ ከበዛ ግን መፍትሔው ከውጭ በቱቦ ወይም በሲሊንደር የሚመጣ አየር ነው። ከሁሉም በፊት ግን አየር ማስወጫውን ማስተካከል ይቀድማል። ማስክ መጨረሻ ላይ ነው የሚታሰበው፤ እኛ ጋ ግን ሁልጊዜ መጀመሪያ ይገዛል።

ፒአይዲውን ስላነሳህ ደግሞ አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ ላይ ያለው መብራት ጉልበቱ 10.6 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ሜታኖል ደግሞ ለመሣሪያው እንዲታይ 10.85 ይፈልጋል። ስለዚህ መሣሪያው አያየውም። ሜታኖል በሞላበት ክፍል ውስጥ ዜሮ እያሳየ ይቆማል። ለሜታኖል የተሠራ ኤሌክትሮ ኬሚካል ሴንሰር ወይም ቀለሙ የሚቀየር የመስታወት ቱቦ ይሻላል።

---

ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ

በሕክምናው በኩል ልግባ። ሜታኖል እያሳሳቀ የሚወስድ ነገር ነው። መጀመሪያ ሰውዬው ትንሽ የሰከረ ይመስላል፤ ራሱን ያመዋል፤ ያቅለሸልሸዋል። ከዚያ ይሻለዋል። ወደ ቤቱ ሄዶ ይተኛል። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ነገሩ የሚገለጠው። ጉበት ሜታኖሉን መጀመሪያ ወደ ፎርማልዲሃይድ፣ ቀጥሎ ወደ ፎርሚክ አሲድ ይቀይረዋል። ዐይንን የሚያጠፋውና ደምን አሲዳም የሚያደርገው ይኼ አሲድ ነው። እይታው ይደበዝዛል፤ አንዳንዱ ነጭ ጭጋግ ውስጥ የገባ ያህል ነው ይላል። ትንፋሹ ፈጣንና ጥልቅ ይሆናል።

ስለዚህ «አሁን ደህና ነኝ» የሚለውን አትቀበሉ። የጠጣ፣ ብዙ የተነፈሰ ወይም ልብሱ የራሰበት ሰው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ። ፎሜፒዞል የሚባል መድኃኒት አለ። እሱ ከሌለ ሐኪም በክትትል ኤታኖል ይሰጣል። ሁለቱም ጉበት ሜታኖሉን እንዳይቀይር ያግዱታል። ከባድ ከሆነ ዲያሊሲስ ይደረጋል። ይህን ስትሰሙ ቤት ውስጥ አልኮል አጠጥቶ ለማዳን የሚሞክር ይኖራል፤ በፍጹም። መጠኑ በደም ምርመራ የሚታይ ነገር ነው። ለማስመለስም አትሞክሩ።

አብሮት የሚሄደው ሰው የሌብሉን ፎቶ ይዞ ይምጣ። ምን እንደነካው ካልተነገረን እንደ ማንኛውም ሰካራም ጥግ ላይ ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። ዐይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ ይታጠብ። የራሰ ልብስ ወዲያው ይውለቅ።

እና እባካችሁ፣ «ለእጅ ማጽጃ» ተብሎ በውሃ ጠርሙስ አይቀዳ። ቀለም የለውም፤ ሽታው ከመጠጥ አልኮል ብዙም አይለይም።

---

አዲሷ ስቶር ኪፐር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባልዲው ወጥቷል፤ አጉረምርመዋል ግን ወጥቷል። የቡቲል ጓንትና ፓምፕ ጥያቄ አስገብቻለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። እሳት ቢነሳ ያለን ተራ ፎምና የዱቄት ማጥፊያ ነው፤ ይበቃል? ደግሞ በዚያው ክፍል ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድና ናይትሪክ አሲድ ተቀምጧል፤ መደርደሪያው ለየብቻ ነው።

---

በርሜል ጠባቂ

መደርደሪያ መለየት አይበቃም። ሁለቱም ኦክሲዳይዘር፣ ማለትም ሌላውን ነገር የሚያቀጣጥሉና እሳትን የሚያባብሱ ናቸው። ከሜታኖል ጋር ከተገናኙ ሳይለኮሱ ሊፈነዱ ይችላሉ። ሌላ ክፍል ይሂዱ። ቢፈሱ ወለል ላይ እንዳይገናኙ ለየራሳቸው ማቆሪያ ይኑራቸው። ሰነዱ ላይ ክፍል 7 እና ክፍል 10ን አንብቢና ለኃላፊሽ አሳዪ፤ በቃል ከመከራከር ይሻላል።

ፎሙ ላይ፣ ሜታኖል ከውሃ ጋር ስለሚዋሃድ ተራውን ፎም ያፈርሰዋል። አልኮል የሚቋቋም ፎም የሚባል አለ፤ እሱን ጠይቂ። ዱቄቱ ለትንሽ እሳት ይሆናል። ውሃ ትንሽ በትንሽ ከተረጨ እሳቱን ያሰፋዋል፤ ውሃ የገባበት ሜታኖልም ብዙ እስኪቀጥን ድረስ ይነዳል።

ከዚህ የበለጠ ግን አንድ ነገር ለሠራተኞቹ ንገሪ። የሜታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ፈዛዛ ሰማያዊ ነው፤ ጭስም የለውም። ሰው የሚነድ ወለል ላይ ሳያውቅ ሊራመድ ይችላል። አየሩ ከወለሉ በላይ ሲርገበገብ ካዩ ወይም ሙቀት ፊታቸውን ከመታቸው ወደ ኋላ ይመለሱ። የፈሰሰ ነገር ካለ መጀመሪያ ሰው ይውጣ፣ መቀጣጠያ ነገር ይራቅ፣ ከዚያ የፈሰሰው በአሸዋ ወይም በቨርሚኩላይት (ፈሳሽ የሚመጥ ቀላል ማዕድን) ይመጠጥ። ወደ ፍሳሽ ቦይ አይጠረግ፤ ተኑ ቦዩን ተከትሎ ሄዶ ሌላ ቦታ ይለኮሳል።

ርክክብ ስታደርጊ የመኪናውን ብርቱካናማ ሰሌዳ እዪ። ላዩ ላይ 336፣ ታቹ ላይ 1230 የሚል ካለበት ሜታኖል ነው። 1230 የተመድ ቁጥሩ ነው። 336 ደግሞ በጣም ተቀጣጣይና መርዛማ ፈሳሽ ማለት ነው። ሰሌዳው ሁሉም አገር ላይ አይደረግም። ከሌለ በማጓጓዣ ወረቀቱና በበርሜሉ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን አመሳክሪ፤ ካልተመሳሰለ አትፈርሚ።

ፓምፑን ስታዢ ደግሞ ውስጡ ከአልሙኒየም ወይም ከዚንክ የተሠራ እንዳይሆን ጠይቂ። ሜታኖል ይበላቸዋል። አይዝጌ ብረት ይሁን፤ ማሸጊያ ጎማውም ሜታኖል እንደሚችል ሻጩ በጽሑፍ ይስጥሽ።